የልጅ መርዶ

ሙሉጌጥ፣ ከሞተ አምስት ወር ያለፈው ባሏ ልጃቸው ወደ ዲላ እንድትሄድ ሲፈቅድ የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ከግቢው ቧንቧ ፊቷን እየታጠበች ሳለ ነው። «ሃሴትዬ፣ እማማ የምትልሽን ስሚ። ዲላ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ጎበዝ ከሆንሽ አባቢ ቆንጆ ነገር ይልክልሻል» ይላል ድምፁ። ድምፁ የሚመጣው ግን ከደቡብ አፍሪካ አልነበረም። ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም ሰይፈሚካኤል በቱታ ሱሪ ቆሞ፣ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ፣ የሟች ወንድሙን ድምፅ ያወጣል። ከመናገሩ በፊት እንደ ሟቹ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «ሃሴትዬ» ሲልም እንደ ሟቹ መጨረሻዋን ይጎትታታል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ የሰባት ዓመቷ ሃሴት የአያቷን ስልክ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «እሺ አባቢ» ትላለች። በሁለቱ መካከል አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነበር።

ባሏ ዘሪሁን የሞተው የጭነት መኪናው ሞያሌ መንገድ ላይ ተገልብጣ ነው። ሬሳው ሐዋሳ ሳይደርስ ሃሴትን ዲላ አክስቷ ጋ ላኳት። ለልጅ ደግ ነው ተብሎ የሚደረገው እንዲህ ነው። ለቅሶው አልቆ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ፎቶው ከግድግዳ ወርዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተሸጎጠ በኋላ መለሷትና አባትሽ ለሥራ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል አሏት። ያንን ለማመን ልጅ መሆን አያስፈልግም፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ሄዷል። ሙሉጌጥ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሴት ሆናለች። ገበያ ውስጥ ካለው የልጆች ልብስ ሱቋ ጥቁር ለብሳ ትውላለች፤ ባሏ ሞቶባት ጥቁር ያልለበሰችን ሴት ሰው ምን እንደሚላት ይታወቃል። ማታ ደግሞ ሱቁን ከመዝጋቷ በፊት መጋረጃ ጀርባ ገብታ አበባ ያለበትን ቀሚሷን ትቀይራለች፤ ልጅቷ ጥቁሩን አይታ እንዳትጠይቅ። ይህን ያዘዙት አማቷ እማማ የሺ ናቸው፤ ቤቱም የእሳቸው ነው። ውጭ ለሰው ስትል ታዝናለች፣ ቤት ለልጅ ስትል ትስቃለች፣ ለራሷ የምታዝንበት ቦታ ግን ማንም አልሰጣትም።

ሰፈሩም እሺ አለ። ለኮብልስቶን ገንዘብ አዋጡ ሲባል ሦስት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቀ ሰፈር በዚህ ግን በአንድ ቀን ተስማማ። ባለሱቋ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የክፍል መምህሯ፣ ቤተሰብ የሆነም ያልሆነም አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ለመዋሸት ተባበሩ። ሰይፈሚካኤል ደግሞ ልጅቷ አባቢ ለምን አይደውልም ብላ ስታስቸግር አዲስ ሲም ካርድ አውጥቶ በእናቱ ስልክ ላይ «ዘሪሁን» ብሎ መዘገበው። የወንድማማቾቹ ጉሮሮ አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉጌጥ ያን ድምፅ ድንገት ስትሰማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም ግን አስቀድሞ እንንገራት አላለም። ከዚያ ልጅቷን በዚያው ድምፅ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ እመጣለሁ፣ በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ እወስድሻለሁ አላት። አባቷ በየዓመቱ በትከሻው ተሸክሞ ይወስዳት ነበር። የፍቼ ዕለት ሃሴት አዲስ ጫማዋን አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ከጠዋት እስኪመሽ በሩ ላይ ተቀመጠች። አልመጣም። በማግስቱ ድምፁ ደውሎ ሥራ በዛብኝ አለ። መንከስ የጀመረችው ከዚያ ሳምንት ወዲህ ነው። አልጋዋ ላይ መሽናትም ጀመረች። የክፍሏ ልጅ «አባትሽ እኮ ሞቷል» ሲላት በምሳ ዕቃዋ ግንባሩን ፈነከተችው። መምህሯ ሁለቱንም ቀጣች፤ እሷን ስለመታች፣ እሱን ውሸታም ነህ ብላ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነት የተናገረው ያ ልጅ ብቻ ነበር።

ሙሉጌጥ ፊቷን ሳታደርቅ ወደ ልብስ ማስጫው ሄደች። ሰይፈሚካኤል ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ሲከት አየችው።

«ዲላ መሄዷን ማን ወሰነ?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች። እማዬ ናት የወሰነችው። ነገ ጠዋት እኔ አደርሳታለሁ። እስክትረጋጋ ነው እንጂ ለዘለዓለም አይደለም።»

«እኔስ? እናቷ አይደለሁም?»

መሬት መሬት አየ። «ምን ችግር አለው፤ አባቷም እሺ ብሏል» አለ።

ቀልድ አልነበረም። ከአፉ ነው ያመለጠው፤ ያመለጠውም ስለለመደው ነው። ፊቱ ደም ሲመስል አየች፣ ግን አላዘነችለትም። እዚያው በእርጥብ እጇ ልታጮለው ዳድቷት ነበር፤ የከለከላት ሃሴት በሩ ላይ ብቅ ማለቷ ብቻ ነው። ልጅቷ አጎቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሳሎን ውስጥ እማማ የሺ ሰማያዊ ሻንጣ ከፍተው የልጅቷን ሹራቦች እያጣጠፉ ነበር። ሙሉጌጥ ገብታ ቆመች። አማቷ ቀና ብለው አላዩዋትም፤ ዲላ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ወፍራሙን ልብስ ጨምሪላት አሉ።  ለእሳቸውና ለእሷ ዝምታ የቤት ዕቃ ከሆነ ቆይቷል፤ ሁለቱም ዙሪያውን ዞረው ያልፋሉ። ጥቁር ቀሚሷን እንደ ሁልጊዜው በፌስታል ይዛ የልጇን እጅ ጎትታ ወጣች። «ዛሬም እዚያች ልጅ ጋ ነው?» ሲሉ ከኋላ ሰማቻቸው። «አራት መቶ ብር፣ በአሸዋ ለመጫወት። ጸበል ብትወስጂያት ምን ነበረበት።»

የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ በሲዳምኛ ስልክ እያወራ ጫናቸው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከመናኸሪያ ወዲህ ያለው መንገድ ኩሬ ነው። ስልኩን ሲጨርስ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ «ሃሴት፣ አባትሽ መኪና ይልክልሻል አይደል? ለእኔም አንድ በይው» አለና ለሙሉጌጥ ጠቀሳት። ሬሳውን ለመቀበል ከወጡት አንዱ እሱ ነበር። ሃሴት የመቀመጫውን ጀርባ በጫማዋ መምታት ጀመረች፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። «ኧረ ይቺ ልጅ ባለጌ ሆናለች» አለ ነጂው እየሳቀ። ሙሉጌጥ አቁም አለችው። ገና መንገዱ አልተጋመሰም። ሒሳቡን ሰጥታው ወርዳ፣ በጭቃው ውስጥ ልጇን እየመራች ሄደች። ባለጌዋ ማን እንደሆነች፣ ባለጌው ማን እንደሆነ ልትነግረው አሰኝቷት ነበር፤ ግን በልጅቷ ፊት የሚነገር ቃል አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ በዚህች ልጅ ፊት የሚነገር አንድም ነገር አልነበረም።

እማማ የሺ «እዚያች ልጅ» የሚሏት ሩዋይዳ የምትሠራው አባቷ ከስልጤ መጥተው ከከፈቱት የጨርቃ ጨርቅ መደብር በላይ፣ ፎቁ ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። የልጆች ሥነ ልቦና ተምራ ስትመጣ አባቷ ለዕቃ ማከማቻ የያዙትን ለቀቁላት። የውስጠኛው ክፍል ወለል ላይ ምንጣፍ አለ፤ በሰፊ የላስቲክ ሳህን የሐይቅ ዳር አሸዋ፣ ትንንሽ መኪናዎች፣ ከጨርቅ የተሰፉ ሰዎች፣ ቀለም፣ በመደብሩ ቁርጥራጭ የተሞሉ ትራሶች። ሃሴት ገብታ ሳህኑ አጠገብ ተንበረከከች። በመጀመሪያው ሳምንት እዚሁ ክፍል ውስጥ ሩዋይዳን እጇ ላይ ነክሳት ነበር። ሩዋይዳ አልጮኸችባትም፣ አልመታቻትም፤ እጇን ይዛ «ሰው መንከስ አይፈቀድም፣ መናደድ ግን ይፈቀዳል» ብላ ንዴቱ ሰውነቷ ውስጥ የት እንደሚጀምር ጠየቀቻት። ሃሴት ሆዷን አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ ንዴቱ ሆዷ ላይ ሲነሳ ማወቅን፣ ሲነሳም ትራስ መጭመቅን ይለማመዳሉ። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ማንንም አልነከሰችም። ሙሉጌጥ ይህን ለእማማ የሺ ብትነግራቸው ጸበሉ ሳይነካት እንዴት ተሻላት ይላሉ።

ሙሉጌጥ በውጪኛው ክፍል በሩን ገርበብ አድርጋ ለሩዋይዳ የጠዋቱን ነገረቻት። ሩዋይዳ ለስላሳ ልጅ ናት፤ ዛሬ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ እዚህ ሳስተነፍሳት እናንተ እዚያ መልሳችሁ ትሞሏታላችሁ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን እንደዚያ ነው። ልጅቷ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር እንዳለ ታውቃለች። እርስዎ ይስቁላታል፣ ዓይንዎ ግን ያበጠ ነው። እርስዎን ትመን ወይስ ዓይኗን? የምትናከሰው ለዚህ ነው።»

«ልቧ ይሰበራል ይላሉ።»

«ተሰብሮማ ነው ወደ እኔ ያመጧት።»

 ከታች ከመደብሩ የመቀስ ድምፅና የሰው ጭቅጭቅ ይሰማል፤ አንዲት ሴት ሜትሩ ተወደደ ትላለች።

«ብነግራት ከቤት ያስወጡኛል» አለች በመጨረሻ።

«እሱን እኔ ላቀልልዎት አልችልም። ነገ ዲላ ከሄደች ግን ሰው በሞተ ቁጥር እሷ እንደምትባረር ትማራለች። እኔም አላገኛትም።» ሩዋይዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚነግሯት ከሆነ ሞተ ይበሉ። ሄደ ካሏት ትጠብቀዋለች። ተኛ ካሏት መተኛት ትፈራለች። እግዚአብሔር ወሰደው ካሏት እግዚአብሔርን ትጣላለች። ሞተ ነው የሚባለው። ከዚያ የምትጠይቀውን ብቻ ይመልሱ። እኔ አጠገባችሁ ነኝ።»

ሙሉጌጥ የራሷን መርዶ አስታወሰች። አባቷ ደሴ ሲያርፉ እሷ ሐዋሳ ነበረች። የሰሙት ሰዎች ማታውን ምንም ሳይሏት እራቷን በልታ እንድትተኛ ተዉአት፤ ጎህ ሲቀድ ግን ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ብብቷን ያዙ፣ አንዷ ውሃ ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ነገሯት። ብቻዋን እንዳትወድቅ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ተሰልፎ ነበር። ለትልቅ ሰው ይህ ሁሉ ይደረጋል። ለልጅ ግን ሲም ካርድ ይወጣላታል። ይህን ስታስብ ፍርሃቷ የት እንደገባ ጠፋባት፤ የቀረው ንዴት ብቻ ነበር፣ እሱም እግር ሆናት። ተነስታ ገባችና ምንጣፉ ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሃሴት፣ አባቢ ሞቷል።»

ሃሴት አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና አሸዋው ውስጥ ትነዳ ነበር። መንዳቷን አላቆመችም። «ደቡብ አፍሪካ?»

«አይደለም። ደቡብ አፍሪካ አልሄደም። መኪናው ተገለበጠችና ተጎዳ፣ ከዚያ ሞተ። አይመለስም።»

ሙሉጌጥ ሌላ ነገር ልትጨምር ስትል ሩዋይዳ ጣቷን ብድግ አደረገች፤ ዝም በይላት ማለቷ ነው። መኪናዋ የሳህኑ ጠርዝ ደርሳ ተመለሰች።

«መቼ?»

«አንቺ ዲላ የሄድሽ ጊዜ። ስለሞተ ነው የላክንሽ።»

«ቀበራችሁት?»

«አዎ።»

«እኔ ሳልኖር?»

«አንቺ ሳትኖሪ። እንደዚያ ማድረግ አልነበረብንም።»

መኪናዋ ቆመች። «ስልኩ ላይ ማነው?»

«አጎትሽ ነው።»

ከዚያ ዘላ የእናቷን ክንድ ነከሰች። ሙሉጌጥ ክንዷን አልሳበችም፤ ትንከሰኝ፣ ይገባኛል ብላ ነበር። ሩዋይዳ ግን ልጅቷን ከኋላ በቀስታ አቅፋ አላቀቀቻት። «በጣም ተናደሻል፣ መናደድሽም ልክ ነው። እማዬን መንከስ ግን አይፈቀድም። ይኸው ትራሱ» አለቻት። ሃሴት ትራሱን በቡጢ መታችው፣ ረገጠችው፣ ጨርቁ ተቀዶ ቁርጥራጩ ምንጣፉ ላይ እስኪበተን ድረስ ጎተተችው። «ውሸታሞች» ትላለች እየመታች። «ውሸታሞች። ውሸታሞች።» ሁለቱም ሴቶች ተይ አላሏትም። ድካሟ ሲመጣ ድምፅዋ ተለወጠና ማልቀስ ጀመረች፤ የመነጫነጭ ለቅሶ አልነበረም፣ ከሆድ የሚወጣው ነው። ሙሉጌጥ አቀፈቻት። አይዞሽ አላለቻትም፣ በቃሽ አላለቻትም። እሷም በልጇ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ከቆይታ በኋላ ከፌስታሉ ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ በአበባው ቀሚስ ላይ ስትደርበው ሃሴት አፍንጫዋን በእጇ እየጠረገች ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አባቢ ስለሞተ ነው አለቻት። ልጅቷ ጨርቁን ዳሰሰችው፣ ውሃም ጠጣች። ሩዋይዳ በሩ ድረስ ሸኝታቸው፣ «ይህን ጥያቄ ነገም ከነገ ወዲያም ትጠይቃለች፤ በየጊዜው ያንኑ እውነት ይንገሯት። መቃብሩን ላየው ካለች ይውሰዷት። ሰኞ ደግሞ ይምጡ፤ ሥራችን ገና አሁን ነው የሚጀምረው» አለች።

ቤት ሲደርሱ ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። እማማ የሺ ፀሐይ ከምትባለው ጎረቤታቸው ባለሱቅ ጋር በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጥቁሩን ቀሚስ ከልጅቷ ጋር አንድ ላይ ሲያዩ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው ለብሰሽ የመጣሽው?»

«ሐዘኔን ነው፣ እማማ። ነግሬያታለሁ።»

«ምን? ማን ፈቀደልሽ?» ተነሡ፣ ሰፌዱ ተደፋ። «ሕፃን ልጅ! ብትታመምብኝስ? ብታብድብኝስ? በእኔ ቤት፣ በእኔ ልጅ ሞት አንቺ ማን ነሽና ነው የምትወስኚው?»

ሰይፈሚካኤል ከውስጥ ሮጦ ወጣ። «እባካችሁ ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማል» አለ። ሁልጊዜም የሚለው ይህንኑ ነው። ሙሉጌጥ ወደ ውጪው በር ሄደችና ሁለቱንም የብረት መዝጊያ እስከ ጥጉ ከፈተችው። 

«ይስማ። ፀሐይ፣ ሂጂና ለሰፈሩ ንገሪ። የዘሪሁን ልጅ መርዶ ተነግሯታል በይ። የሚመጣ ይምጣ።»

ፀሐይ እማማ የሺን አየች፣ ሰይፈሚካኤልን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መርዶ ነው ከተባለ አልሄድም የሚል ሰው በዚያ ሰፈር የለም፤ ሠርግ የሚቀር ሰው እንኳ ለቅሶ አይቀርም። ሙሉጌጥም የተማመነችው በዚሁ ነበር። ፍራሹን አውጥታ ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ አነጠፈች፣ ፎቶውን ከቁም ሣጥኑ አወጣች፣ ሃሴትንም ዋና ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከሰዓት በኋላው ዝናብ መጣል ሲጀምር ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በራፉ ላይ ጭቃቸውን እየጠረጉ ገቡ። ብዙዎቹ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፍቷቸዋል። ለሚስት፣ ለእናት፣ ለወንድም የሚባለውን ያውቃሉ፤ እግሯ ከፍራሹ ጫፍ ለማይደርስ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያንኑ ማለት ግን አልለመዱም። ቢሆንም አሉት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሃሴት።»

ሰይፈሚካኤል ተራው ደርሶ አጎነበሰ። «ሃሴት» ብሎ ሲጀምር ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነችው። የጀመረውን ሳይጨርስ ቀና አለ፣ ወጥቶም ከወንዶቹ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው ለሙሉጌጥ እጅዋን አንሺላት ብሎ አንሾካሾከላት። አላነሳችላትም።

ፀሐይ መጣች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ።»

ሃሴት እጆቿን ከጆሮዋ አውርዳ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለች።

ፀሐይ ጎንበስ እንዳለች ወደ ጎን ተንሸራታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ቀጥሎ የመጣችው የክፍል መምህሯ ነበረች። «አንቺም ታውቂ ነበር?» መምህሯ «እኔ እንኳ...» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ባጃጅ ነጂው መጣ። «አንተም ታውቅ ነበር?» ጭቃ የነካ ቆቡን በእጁ እያሻሸ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልነከሰችም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት በሆነ ድምፅ ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ መልስ ሲጠፋ ወደሚቀጥለው ታያለች። አንዳንዱ ጥያቄው ሳይደርሰው ጥጉን ያዘ። ሰዎቹ ሙሉጌጥን ያዩዋታል፣ ተይ በያት በሚል ዓይን። ሙሉጌጥ አንዳቸውንም አላዳነችም።

በመጨረሻ እማማ የሺ ከጓዳ ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚህ ቤት ውስጥ ልጃቸውን ጮክ ብለው ሳያለቅሱ ስንት ወር እንደሆናቸው ሁሉም ያውቃል፤ ሲብስባቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነበር የሚያለቅሱት። ፍራሹ አጠገብ ሲደርሱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ያጽናሽ ማለቱን አልቻሉም። ሃሴት ዝቅ ብላ ፊታቸውን አየች።

«እማማ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?»



«አዎ» አሉ እማማ የሺ። «አውቅ ነበር። ልጄ ነው። አውቅ ነበር።» ከዚያ ጮክ ብለው፣ ልጅቷ ከዲላ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቤታቸው፣ የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ።

ሃሴት ትንሽ አየቻቸውና ወደ እናቷ ጠጋ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። ሙሉጌጥ ግን ለአማቷ ፈቀቅ አላለችም።